ሳልፌልደንና ሆህፊልዘን፦ ከጋሼ ጋ ባያትሎን ልናይ

ይሄን ጉዞ ያመጣብኝ ጋሼ ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ ምስራቅ ጀርመን ሊማር መጥቶ ግንቡም ፈርሶ እሱ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ እዚህ ሚዩኒክ እኛ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ዊንተር ሲመጣ ቅዳሜና እሁድ ከቲቪው ፊት አይነሳም። ኳስ እንዳይመስላችሁ፣ ባያትሎን ነው የሚያየው። በስኪ እየሮጡ መሃል ላይ ጠመንጃ ከጀርባቸው አውርደው ኢላማ የሚመቱበት ስፖርት። "ዶርም ውስጥ ያኔ አንድ ቲቪ ነበረን፣ ልጆቹ ይሄን ከከፈቱት ማን ይቀይረዋል፣ በዛው ለመድኩት" ይላል። ታህሳስ ላይ ሆህፊልዘን፣ ኦስትሪያ ውስጥ፣ የዓለም ዋንጫ ውድድር አለና አብረን እንሂድ ልጄ ሲለኝ ብርዱን እያሰብኩ እሺ አልኩ፣ ጋሼን እምቢ ማለት የለም።

ከሚዩኒክ ሳልዝቡርግ፣ እዛ ባቡር ቀይረን ሳልፌልደን። ቀጥታ መሄድ ስንችል ሳልፌልደን እንደር ያለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው የባያትሎን የዓለም ሻምፒዮና በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተካሄደው እዛ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከላይዋ ድንጋይ ብቻ የሆነ ትልቅ ተራራ ተገትሮባታል፣ ሰው ሁሉ ስኪውን ተሸክሞ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሻይ ያመጣችልንን ልጅ ጋሼ ስለ 58ቱ ሲጠይቃት ሳቀች፣ እናቴም ያኔ አልተወለደችም አለች። እሱ ግን አልተበገረም፣ ሻይው እስኪቀዘቅዝ ለኔ ተረከልኝ።

ያኔ ውድድሩ አንድ ብቻ ነበር፣ 20 ኪሎሜትር፣ ወንዶች ብቻ። ስፖርቱ ከወታደር ቤት ነው የመጣው፣ በ1924 ሻሞኒ ኦሎምፒክ ላይ የወታደሮች የፓትሮል ውድድር (በቡድን በስኪ እየሄዱ የሚተኩሱበት) ነበር፣ ባያትሎን የሱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሳልፌልደን ላይ ስዊድናዊው አዶልፍ ዊክላንደር አንደኛ፣ ያገሩ ልጅ ኦሌ ጉነሪውሰን ሁለተኛ፣ ሶቭየቱ ቪክቶር ቡታኮቭ ሦስተኛ ወጡ። ጠመንጃው እውነተኛ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ዓይነት፣ ጥይቱም ትልቁ፣ ርቀቱ ደሞ አንድ አልነበረም፣ እስከ 250 ሜትር ይሄዳል፣ አንድ ኢላማ ከሳትክ 2 ደቂቃ ይጨመርብሃል።

2 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጋሼ የ1960ውን የስኳው ቫሊ ኦሎምፒክ ሲነግረኝ ነው። ፈረንሳዊው ቪክቶር አርቤ በስኪው ከሁሉም ፈጣን ነበር፣ ግን ከ20 ጥይት 18ቱን ስቶ 36 ደቂቃ ተቆለለበት። ያሸነፈው ክላስ ሌስታንደር የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ በሩጫው ብዙ ሰው ቀድሞታል፣ ግን 20ውንም መታ። ቀድሞ የገባ አሸነፈ በሚባልበት አገር ላደግን ሰዎች ይሄ ትንሽ ያስቆጣል፣ እኔ በአርቤ በኩል ቆሜ ስከራከር ጋሼ "ወታደር ስቶ ቢሮጥ ምን ይጠቅማል" ብሎ ዘጋኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሊዮጋንግ በኩል አድርገን ሆህፊልዘን ገባን፣ ቅርብ ነው፣ ባቡሩ ግን ባንዲራ የለበሰና ፊቱን ቀለም የተቀባ ሰው ጢም ብሎበት ነበር። ቆም ስትል እግርህ ይደነዝዛል፣ ስለዚህ ሁሉም ይዘላል፣ እኛም ዘለልን። ቦታ የያዝነው ከተኩሱ ሜዳ ፊት ለፊት ነው። አንዱ ኖርዌጂያዊ እየበረረ መጣ፣ ፍጥነቱን ቀነስ አርጎ ዱላዎቹን ወረወረ፣ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኛ፣ ካዝናውን ሰካ፣ የንፋሱን ባንዲራ ቀና ብሎ አየና ተኮሰ። በየምቱ አንዱ ጥቁር ክብ በነጭ ይሸፈናል፣ ሕዝቡም በየምቱ ይጮሃል፣ አራተኛውን ሲስት ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ "ኦኦ" አለ። ልጁ ተነስቶ ለሳተው፣ እንደ ድሮው ደቂቃ ሳይጨመርበት፣ 150 ሜትሯን የቅጣት ዙር ሲዞር እንፋሎቱ ከጀርባው ይታያል። ተኝተው የሚመቱት ክብ 4.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ በዛ የልብ ምት እንዴት እንደሚመቱት እንጃ፣ ቆመው የሚተኩሱበት 11.5 ነው፣ እሱም እኮ በ50 ሜትር ከባድ ነው።

ይሄ ዓይን ስር የሆነ ነገር ሁሉ የመጣው በ1977/78 ነው፣ ጋሼ እዚህ ድረስ የጎተተኝም ለዚህ ነው። ያ ሲዝን የዓለም ዋንጫ የሚባለው፣ ዊንተሩን ሙሉ ከቦታ ቦታ እየዞሩ ነጥብ የሚሰበስቡበት ውድድር፣ የተጀመረበት ነው፣ ያኔም ወንዶች ብቻ፣ ሴቶቹ የራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮና ያገኙት በ1984 ነው። በዛው ሰሞን ትልቁ ጥይት ቀርቶ ባለ 5.6 ሚሊሜትሯ ትንሿ ገባች፣ ርቀቱም ሁሉም 50 ሜትር ሆነ። እስቲ አስቡት፣ 250 ሜትር ላይ ያለ ኢላማ ተመልካች ምኑን ያየዋል? ድምጽ ሰምቶ ወሬ መጠበቅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ባያትሎንን የሰው ስፖርት ያረገው ዋንጫው ሳይሆን ያቺ ትንሽ ጥይት ናት። የ1978ቱ የዓለም ሻምፒዮና ደሞ እዚሁ ሆህፊልዘን ነበር፣ 20ውን ኪሎሜትር ኖርዌጂያዊው ኦድ ሊርሁስ ወሰደ፣ 10ሩን ምስራቅ ጀርመናዊው ፍራንክ ኡልሪች፣ ዱላ ቅብብሉን ምስራቅ ጀርመኖች። የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫም ጠቅልሎ የወሰደው ኡልሪች ነው። ጋሼ ይሄን ሰውዬ እንደ ዘመድ ነው የሚያወራው፣ በ2021 የጀርመን ፓርላማ ሲገባማ ደውሎልኝ ነበር፣ እኔ ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም ያኔ።

አጠገባችን የቆመ የቲሮል (ሆህፊልዘን ያለችበት ክልል) ሽማግሌ ከየት እንደሆንን ጠየቀ፣ ኢትዮጵያ ስንለው ስኪ አላችሁ እንዴ ብሎ ቀለደ። ጋሼ ሲጠብቃት የነበረች ጥያቄ ናት፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በስኪ ኦሎምፒክ መወዳደሩን በቲሮል ጀርመንኛ አስረዳው (ያን ጀርመንኛ ከየት እንዳመጣው አላውቅም)። ሽማግሌው ኮፍያውን አነሳና ትኩስ ወይን ጋበዘን፣ እኔ ሁለቴ ተጋበዝኩ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ጫማ ላይ አትቆጥቡ፣ ካልሲ ደርቡ፣ ቦታ የሚያዘው በጊዜ ነው፣ ከተቻለ ከተኩሱ ሜዳ ፊት ለፊት ነው የሚያዋጣው፣ ጫካው ውስጥ ያለው መንገድ ዳር ከቆማችሁ ሰው ሽው ሲል ብቻ ነው የምታዩት። ጃንዋሪ ላይ የዓለም ዋንጫው ጀርመን ውስጥ ሩፖልዲንግ ይቀጥላል፣ ለኛ እሱ ይቀርባል፣ ትራውንሽታይን ላይ ባቡር መቀየር ነው፣ ጋሼም ቲኬት ቆርጧል፣ የኔንም ጭምር፣ ሳይጠይቀኝ።