ከድሬ እስከ እንጦጦ፦ ቀስ ብሎ የመሮጥ ሳምንት

ድሬዳዋ ላይ የሚሮጥ ሰው ፀሐይን መቅደም አለበት። ከነጋ በኋላ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እንኳ አያስጥልም፤ ስለዚህ እኛ የማለዳ ሯጮች ከተማው ሻይ ሳይጥድ ሮጠን ታጥበን ቁርስ እንጠብቃለን። መንገዳችን ሜዳ ነው። ከፍታችንም ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን መስቀል አደባባይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እኛ ዘንድ እያወራ የሚሮጥ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ አፉን ከፍቶ የሚቀረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን፣ እንደዚያ ሆኜ መሮጥ አልፈለግሁም። ከዓመት ፈቃዴ አንድ ሳምንት ወስጄ፣ ሽሮ ሜዳ አክስቴ ዘንድ አርፌ፣ እንጦጦ እየወጣሁ ሰውነቴን ላለማምድ ወሰንኩ።

ባቡሩ ለቡ ሲያወርደኝ ኅዳር ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላው ደግሞ ያንዘፈዝፋል። አክስቴ ሻንጣዬን ሲከፍቱ ያገኙት ጫማና ካልሲ ብቻ ስለነበር አዘኑ። "ማን ያሳድድሻል ልጄ? ለዕረፍት የመጣ ሰው አርፎ አይበላም?" አሉኝ። ልጃቸው ግን "ነገ 11 ሰዓት ላይ ዝግጁ ሁኚ" ብሎ ገብቶ ተኛ። 11 ሰዓት ያለው የሌሊቱን ነው።

የአክስቴ ልጅ የሚሮጥበት ቡድን ድብልቅ ነው። ገሚሱ ክለብ ለመግባት የሚታገሉ ወጣቶች ናቸው፤ ገሚሱ እንደ እኔ ቢሮ ውሎ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። አስፋልቱን ትተን ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ገና አልነጋም። ጅብ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚገባ የለም። አንድ ወጣት ፊት ሆነ፣ ሌሎቻችን ከኋላው ተራ በተራ ተሰለፍን፣ ተጀመረ።

መሪው 10 ኪሎ ሜትር ከ30 ደቂቃ በታች የሚገባ ልጅ ነው። የያዘው ፍጥነት ግን እኔ እንኳ እያወራሁ የምከተለው ዓይነት ነበር። ለእንግዳዋ ብሎ መስሎኝ በሆዴ አመሰገንኩት። ለእኔ ብሎ አልነበረም። የጫካ ቀን እንዲህ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ በሰያፍ ይቆርጠዋል፣ በዛፎቹ መካከል ይጠማዘዛል፣ ወደ መጣንበት ይመልሰናል፣ ደግሞ ወደ ላይ ያዞራል። ከፊት ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲኖር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጠቁማል፤ ምልክቱ ከሰው ሰው ይተላለፋል። መሪውን መቅደም አይፈቀድም። "ዛፉን አትዪ፣ ሰዓትሽንም አትዪ፤ የፊተኛሽን እግር ብቻ እይ" አለኝ የአክስቴ ልጅ። እሱ የረገጠበትን እረግጣለሁ፣ ከኋላዬ ያለችው እኔ የረገጥኩበትን ትረግጣለች። ጥቂት እንደሄድን ስንት ኪሎ ሜትር ሆነ የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ ወጣ። ሰዓቴን በድብቅ ሳየው አንድ ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ እየፈጀብን ነበር። ድሬ ላይ በዚህ ፍጥነት ስሮጥ ብታይ የመሥሪያ ቤቴ ጥበቃ እንኳ ያመማት መስሎት ይደነግጣል።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ እርምጃው በየጊዜው ስለሚለያይ ቁርጭምጭሚት ይጠነክራል፤ ጠመዝማዛው ዳገቱን ስለሚያለዝበው ልብ በድንገት አይዘልም። በማግስቱ አስፋልት ወይም ኮሮኮንች ላይ የሚጠብቃቸው ከባድ ሥራ አለ፤ የዛሬው ዝግታ ለእሱ የሚቀመጥ ጉልበት ነው። እኛ ለጤና ብለን የምንሮጥ ሰዎች ትልቁ በሽታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቀላሉ ቀን እንፈጥናለን፣ በከባዱ ቀን ደክሞን እናዘግማለን፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መካከለኛ ፍጥነት እንዞራለን። ከዚያ "ለምን አልተሻሻልኩም?" ብለን አዲስ ጫማ እንገዛለን።

ቀስ ብለንም ቢሆን እንጦጦ እንጦጦ ነው። ሯጮቹ "አየሩ ከባድ ነው" ይላሉ፤ አሰልጣኞችም ቦታ የሚመርጡት በአየር ነው፤ ለፍጥነት ሥራ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፣ ለረጅምና ለዝግታው ወደ ሱሉልታና ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ሆነ ተራራ ላይ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚለወጠው ግፊቱ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መልስ አለው፤ ኩላሊት ሆርሞን ይለቅቃል፣ መቅኒ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል። ይህ ግን ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ በእኔ አጭር ቆይታ የሚሆን አልነበረም። እኔ ያገኘሁት ትንፋሼን መግራት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር። ወደ ሳምንቱ አጋማሽ ሰከነ።

ስንወርድ ብዙ ጊዜ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች እናገኛለን። ሸክሙ ከጀርባቸው በሁለቱም ጎን ስለሚወጣ መንገዱን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ መሪው ገና ሲያያቸው "ዳር! ዳር!" ይላል፣ ሰልፉ ወደ ዛፎቹ ይጠጋል። አንዲት እናት፣ ባዶ እጄን የምሮጠውን እኔን ቀና ብለው አይተው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ በርቺ" አሉኝ። የምለው ጠፍቶኝ "አሜን" አልኩ።

አንድ ጠዋት እስከ እንጦጦ ማርያም ወጥተን በዐፄ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት በኩል ተመለስን። ብርዱን ለቀመሰ ሰው፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ከተማ መመሥረታቸው ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። የምንሮጥበት ጫካ ራሱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ባሕር ዛፉ የማገዶ እጦትን ለማቃለል ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለ ነው፤ ከላይ ጥላ ቢሰጥም ቅርፊቱ እየረገፈ መሬት ላይ ያሉትን ሥሮች ስለሚሸፍን እግር ይጠልፋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ አለው፤ ለእግር ጉዞ ያምራል። ለሩጫ ግን የከብት ዱካውን እመርጣለሁ።

ኅዳር 12 ቀን ወደ ሱሉልታ ሸሸን። ሸሸን የምለው ኅዳር ሲታጠን ስለነበር ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከፈጃት ወዲህ፣ በኅዳር ሚካኤል በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ለሳንባ ግን ለመሮጫ ቀን አይመከርም። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተራራውን ተሻገርን። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ኅዳር ላይ ግን ደርቆ ሣሩ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ጠዋት ውርጭ ነበረው። እዚህ ዛፍ ስለሌለ መሪው ጥቂት ፈጠነ። አንድ እረኛ ልጅ በፕላስቲክ ጫማ፣ ጅራፉን እንደያዘ፣ ጎኔ ገብቶ በኦሮምኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ድሬዳዋ አልኩት። ሩቅ መሆኑን አረጋግጦ፣ ከብቶቹን ዞር ብሎ አይቶ፣ ጥሎኝ ሄደ። ለመያዝ ሞከርኩ፤ ምን እንደሆነ ገምቱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እግሬን አሳረፍኩ ማለት ይቻላል። ቲሸርቴን ተቀበልኩ፣ አክስቴ የሚያቀርቡትን በላሁ።

እስካሁን ያላነሳሁት ገንዘብ ነክ ጉዳይ አለ። ታላቁ ሩጫ ከሩጫው ጎን ለጎን ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ያሰባስባል። እኔም ይህን አይቼ በመሥሪያ ቤቴ የራሴን ወረቀት አዙሬ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው በሮጥኩት ኪሎ ሜትር ልክ ቃል ይገባል፣ ገንዘቡ ድሬዳዋ ውስጥ አረጋውያንን ለሚጦር ማኅበር ይሰጣል። ቃል ለመግባት የሚለመን አልነበረም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ብቻ እስክሪብቷቸውን ይዘው ቆዩና "በኪሎ ሜትር ከሆነ፣ የምከፍለው ለሮጥሽው ብቻ ነው። ካቋረጥሽ ላቋረጥሽበት እከፍላለሁ፤ ማስረጃ ግን ታመጫለሽ" ብለው ፈረሙ።

እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ የሚወርደው ታክሲ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሰው ጭኗል። ይህ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፤ ያሸነፈውም ከአንድ ዓመት በፊት በሲድኒ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ የቀደመው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነው። አሁን ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ሆኗል። ስለዚህ አነሳሱ ተከፍሏል፤ ቶሎ ለመግባት የሚሮጡት በአረንጓዴው፣ ሌላው ሕዝብ በቀዩ ይነሳል። እኔ ቀዩን ነበር የመረጥኩት። ሰዓት ለማሻሻል የመጣ ሰው አረንጓዴውን ይምረጥ፤ ቀይ ውስጥ ገብቶ "መንገድ ልቀቁ" የሚል ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ጸጥታ የሚጠይቅ ነው።

ከመነሻው መስመር የደረስነው እየሮጥን ሳይሆን እየጨፈርን ነው። ጥሩንባ፣ ከበሮ፣ በትከሻው ሕፃን የያዘ አባት፣ የድሮ ክፍል ጓደኞቻቸውን ይዘው "ሆ!" የሚሉ ጎልማሶች። ዳገት ሲመጣ ግማሹ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ቆሞ ይራመዳል፤ ቁልቁለት ሲመጣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይንደረደራል። ውሃ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ይረጫጫል። አንድ ባንድ የሚጫወትበት ጥግ ላይ ስደርስ ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ቆመው እስክስታ ያዙ፤ ማለፊያ አልነበረምና እኔም ያዝኩ።

ሳምንቱ የጠቀመኝ ያኔ ነው። ሕዝቡን በጉልበት ሰንጥቆ ማለፍ አይሞከርም። ከፊቴ ቀጠን ያለች፣ መንገድ የምታውቅ የምትመስል ልጅ አየሁና እግሯን ተከተልኩ። ግራ ስትል ግራ፣ ቀኝ ስትል ቀኝ፣ ቀዳዳ ሲጠፋ ዝግ ብዬ፣ ሲገኝ ገብቼ። ሰያፍ ቆርጠን ዳር ወጣን፣ ተመልሰን መሐል ገባን። ትንፋሼ አልከዳኝም፤ ሌሎች ዳገቱ ላይ ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ እኔ በጫካው ዝግታ ወጣሁት። ልጅቷ እንደተከተልኳት ያወቀች አይመስለኝም። መጨረሻው ላይ ሜዳሊያ ስንቀበል አመሰገንኳት፤ ግራ ገብቷት ሳቀች።

በማግስቱ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ዕለቱ ቅበላ ነበር፤ አክስቴ ዶሮውን ከሌሊት ጀምረው ነው የያዙት። "አሁን የሚያሳድድሽ የለም፣ ብዪ" አሉኝ። በላሁ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሳለሁ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ደወሉ።

"ስንት ሮጥሽ?"

"10.7 ኪሎ ሜትር።"

"ሩጫው እኮ 10 ነው። ሰባት መቶውን ከየት አመጣሽው?"

በሰው መካከል ስጠማዘዝ የጨመርኩት መሆኑን፣ ሰዓቴ ላይ እንዳለ፣ ቃሉም "በሮጥሽው ልክ" የሚል መሆኑን አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። የሰዓቴን ፎቶ ላክሁላቸው። የ10 ኪሎ ሜትሩን ወዲያው ከፈሉ፤ ለ700 ሜትሩ ግን "በተከፋይ ሒሳብ ተይዟል" የሚል መልእክት ጻፉልኝ።