መጀመሪያ ፊልሙ፣ ከዚያ ንባቡ

የፊልም ቲዎሪ ኮርስ ስጀምር አብዛኛው የክፍል ጓደኛዬ ንባቡን ጨርሶ ነበር ፊልሙን የሚከፍተው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ፊልሙን አያለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ ጽሑፉን አነባለሁ። በመጨረሻ አንድ ትዕይንት መርጬ ደግሜ አያለሁ። ቲዎሪውን አስቀድመህ ካነበብክ ዓይንህ የተነገረህን ብቻ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ያገኘዋል! ጣጣው እሱ ነው።

ለማስታወሻ አንድ ደብተር ያዝኩ። በግራው ገጽ የማየውንና የምሰማውን ብቻ እጽፋለሁ፤ በቀኙ የተሰማኝን። የግራው ገጽ ሕግ አለው፤ ቅጽል ክልክል ነው። «አሳዛኝ ፊት» ብሎ መጻፍ አይቻልም። «ፊቷ ምስሉን ሞልቶታል፣ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ሙዚቃው ቆሟል» ይባላል። ሲጀመር ያበሽቃል። ግን ስለ ፊልም የምናወራው ነገር አብዛኛው የቀኝ ገጽ ወሬ መሆኑን ያሳየኝ ይኸው ደብተር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ኩሌሾቭ ነበር። ሌቭ ኩሌሾቭ የሶቪየት ፊልም ሠሪና አስተማሪ ነው። የሚነገርለት ሙከራ እንዲህ ነው፦ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ፣ የሞዡኪንን፣ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ሶፋ ላይ ካለች ሴት ጋር ቀጠለው። ተመልካቹም ረሃብ፣ ሐዘን፣ ፍላጎት አየሁ አለ። ያ ቁራጭ ፊልም ዛሬ የለም። ሦስተኛው ምስል ላይ እንኳ ትረካው አይገጥምም፤ የኩሌሾቭ ተማሪ የነበረው ፊልም ሠሪ ፑዶቭኪን የምትጫወት ትንሽ ልጅ ነበረች ይላል።

እኔም በስልኬ ሞከርኩት። አንድ የክፍል ጓደኛዬን «ምንም አታስብ» ብዬ ቀረጽኩት። ከባዶ አልጋ፣ ከሚጠራ ስልክና ከልደት ኬክ ጋር ቀጣጠልኩት። ባዶው አልጋ ላይ ብዙዎቹ «ልቡ ተሰብሯል» አሉ። አንዷ ግን «ልጁ እንቅልፍ አልጠገበም እንጂ ምንም አልሆነም» አለች። ሳቅን። በኋላ ሳነብ፣ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው የተባለውን ውጤት ሳያገኙ መቅረታቸውን አየሁ። ታዲያ ኩሌሾቭ ተረት ነው? አይመስለኝም። ፊልም ውስጥ ፊት ብቻውን አይመጣም። ቀድሞት የመጣ ታሪክ አለ፣ ድምፅ አለ፣ የምንጠብቀው ነገር አለ። እነዚህን ሁሉ አራግፈህ ሦስት ምስል ብቻ ካስቀረህ ጉልበቱ ይሳሳል።

ከኩሌሾቭ ወደ ሌላው የሶቪየት ዳይሬክተር፣ ወደ አይዘንስታይን፣ መንገዱ አጭር ነው። በ1925ቱ ፊልሙ «ፖተምኪን» ውስጥ ሦስት የድንጋይ አንበሶች አሉ። አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ነቅቷል፣ አንዱ ተነሥቷል። ሦስት የተለያዩ ሐውልቶች ናቸው። በፍጥነት ሲቀጣጠሉ ግን አንድ አንበሳ ብድግ ሲል ታያለህ። ለአይዘንስታይን ትርጉም የሚወለደው ሁለት ሾቶች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ሳይቋረጡ የተቀረጹ ሁለት ምስሎች፣ ሲጋጩ ነው። በዚያው ፊልም ወታደሮች ሕዝብ ላይ እየተኮሱ የሚወርዱበትን የኦዴሳ ደረጃ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሳየው ነገሩ በደንብ ገባኝ። ወታደሮቹ ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደረጃው አያልቅም። ሰዓቱ ተለጥጧል። የግራው ገጽ በአንድ ትዕይንት ሞላ፤ እጄ ከከቱ፣ ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ከሚደረገው ዝላይ፣ ጋር መሮጥ አልቻለም።

ፈረንሳዊው የፊልም ሐያሲ አንድሬ ባዛን የሚከራከረው ከዚህ ጋር ነው። «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለውን መጽሔት በ1951 ከመሠረቱት አንዱ ነው። ክርክሩን በኔ አፍ ላስቀምጠው። ከት ሲበዛ ዳይሬክተሩ ምን ማየት እንዳለብህ እየወሰነልህ ነው። ሾቱ ከረዘመ፣ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ከታየ ግን ምርጫው ያንተ ነው። ልክ በእውነተኛው ሕይወት እንደምናየው።

ምሳሌው «ሲቲዝን ኬን» (1941) ነው። ፊልሙን ሳይ ባዛንን አላነበብኩም ነበር። የግራ ገጼ እንዲህ ይላል፦ «ልጁ በረዶ ላይ ይጫወታል። ካሜራው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መስኮት ይታያል። እናትየው ጠረጴዛ ጋ ትቀመጣለች። ባለ ባንኩ ወረቀት ያስፈርማታል። አባትየው መሃል ቆሞ ይከራከራል። ልጁ በመስኮቱ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታያል። አባትየው መስኮቱን ይዘጋል፣ የልጁ ድምፅ ይጠፋል። እናትየው መልሳ ትከፍተዋለች።» በቀኙ ገጽ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ዕጣው እየተወሰነ ነው፣ እሱ ይጫወታል።»

ባዛንን ካነበብኩ በኋላ ተመልሼ አየሁት። በዚህ ጊዜ ዓይኔ የት እንደሚሄድ ነበር የምከታተለው። ነፃ ነህ ተብያለሁ አይደል? እውነቱ ግን ዓይኔ በየጊዜው የሚሄደው ወደ እናትየው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ነው። ሌላ ቦታ ላሳርፈው ብል አይቀመጥም። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስና ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ በብርሃኑና በአቀማመጡ እየመሩኝ ነው። ከት የለም ማለት መሪ የለም ማለት አይደለም።

የበለጠ የገረመኝ ሌላ ሾት ነው። በዚያው ፊልም የኬን ሚስት ሱዛን ራሷን ለማጥፋት የሞከረችበት ትዕይንት አለ። ከፊት ለፊት ብርጭቆና ጠርሙስ፣ መሃል ላይ ሱዛን አልጋዋ ላይ፣ ከኋላ በሩ። ከበሩ ማዶ ሰው ይደበድባል። ባዛን አንድ በአንድ ከተነተናቸው ሾቶች መካከል ነው። በኋላ ስለ ፊልሙ አሠራር የተጻፈ ነገር ሳነብ ግን ምስሉ በአንድ ጊዜ የተነሣ እንዳልሆነ ተረዳሁ። መጀመሪያ አንዱን ክፍል ቀረጹ። ከዚያ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ወደ ኋላ መልሰው ቀሪውን እላዩ ላይ ቀረጹ። የእውነታ ምሳሌ የተባለው ሾት ዘዴ ያለበት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀናል። ገሚሱ «ባዛን አበቃለት» አለ። እኔ እንዲያ አላልኩም። ባዛን ሾቱ እንዴት እንደተሠራ አላወቀም ይሆናል። ሾቱ በተመልካቹ ላይ የሚያደርገውን ግን በትክክል ነው የገለጸው። ብርጭቆው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ራሴ አይቼ ነው፣ ማንም በክሎዝ አፕ (ከቅርብ በተነሣ ምስል) አልጠቆመኝም።

የባዛንን ሐሳብ እስከ ጥግ የሚወስድ ፊልም የቱ ነው ብዬ ስፈልግ ቤልጂየማዊቷ ዳይሬክተር ሻንታል አከርማን ጋ ደረስኩ። «ዣን ዲልማን» በ1975 ወጣ፤ 201 ደቂቃ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ቀን ቤቷ ውስጥ ስትሠራ ታያለህ። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ድንች ስትልጥ፣ ድንቹን እስክትጨርስ ታያታለህ። በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት ባሰባሰበው የሐያሲያን ድምፅ አንደኛ ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ስልኬን ደጋግሜ ነካክቻለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ሁለተኛው ቀን ላይ ድንቹ ከመጠን በላይ በሰለባት። ድስቱን ይዛ የት እንደምታደርገው ጠፋት። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ! በድንች! ሥርዓቷን ያን ያህል ሰዓት ስላየሁ፣ ትንሿ መዛነፍ እንደ ፍንዳታ ሆነችብኝ። ይህን የትኛውም ንባብ አስቀድሞ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

በዚያው 1975 እንግሊዛዊቷ የፊልም ቲዎሪ ጸሐፊ ሎራ መልቪ «ስክሪን» በተባለ መጽሔት ላይ የታወቀውን ጽሑፏን አወጣች። በክላሲካል ሆሊውድ ፊልም ወንዱ ይመለከታል፣ ሴቷ ትታያለች፤ ካሜራውም ተመልካቹም የወንዱን ዓይን ይዋሳሉ ትላለች። ከምሳሌዎቿ አንዱ የሂችኮክ «ሪር ዊንዶው» (1954) ነው። እግሩ የተሰበረ ፎቶግራፈር ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎረቤቶቹን መስኮት ያያል፤ ከነሱ አንዱ ሚስቱን ገድሏል ብሎ ይጠረጥራል። በግራ ገጼ ላይ «ማን ያያል፣ ማን ይታያል» የሚል መስመር ጨመርኩ። መልቪ ልክ ናት፤ ማየቱ በአብዛኛው የእሱ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። አደጋ ውስጥ የምትገባው፣ ማዶ የምትሻገረው፣ ማስረጃ የምታገኘው የፎቶግራፈሩ ፍቅረኛ ሊሳ ናት። እሱ ከወንበሩ መነሣት አይችልም። መልቪ መሻገሯን አልዘነጋችውም፤ ከተሻገረች በኋላም የእሱ ምስል ሆነች ነው የምትለው። እዚህ ላይ አልተስማማንም። አሜሪካዊቷ ጥቁር ጸሐፊ ቤል ሁክስ ደግሞ በ1992 ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ ተመልካቿ ጥቁር ሴት ከሆነችስ? ከሚያየው ወንድም ከምትታየው ነጭ ሴትም ጋር ራሷን ማዛመድ የማትፈልገዋ ምን ታያለች? ከዚያ ወዲህ «ተመልካቹ» ብዬ ስጽፍ ማን እንደሆነ አስባለሁ።

ስለ ዓይን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ሳይ ሰብታይትል አላስፈለገኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሌሎቹ ፊልሞች የዓይኔን ጊዜ ግማሽ የሚወስደው ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ነው። ስለ ነፃ ዓይን የሚያወሩ ጽሑፎች ይህን ሲያነሡ አላጋጠመኝም። አሁን የውጭ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ሳይ ሰብታይትሉን አጠፋለሁ። ታሪኩን ስለማውቀው ምስሉ ይበቃኛል።

ኦተር ቲዎሪን ቶሎ አለፍኩት። ፊልም የዳይሬክተሩ ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ ይጠቅማል፣ ግን ዌልስ ራሱ በ«ሲቲዝን ኬን» መጨረሻ ላይ ስሙን ከቶላንድ ጋር በአንድ ካርድ ላይ አስፍሯል። ለኔ ይህ ይበቃል።

የማጠቃለያ ጽሑፌን የሠራሁት በሱዛን ሾት ላይ ነው። አስተማሪያችን ከዳር እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «ዘዴውን ማወቅህ ሁለተኛ ጊዜ ስታየው ምን ቀየረ?» ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ መልስ አልነበረኝም። አሁን ሁለት ፊልም አዘጋጅቻለሁ። አንዱ «ራሽያን አርክ» (2002) ነው፤ በእውነት በአንድ ሾት የተቀረጸ። ሌላው «1917» (2019)፤ አንድ ሾት መስሎ ከቱ የተደበቀበት። ሁለቱንም ላላዩ ጓደኞቼ ቁራጭ አሳያቸዋለሁ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልነግራቸው። ደብተሩን እነሱ ናቸው የሚሞሉት፤ ቅጽል ግን አሁንም ክልክል ነው።