አጎቴ ሰባ ስምንት ናቸው

ድሬ ላይ አንቱታ የለም። ልጅ አያቱን «አንተ፣ ና ቡና ጠጣ አቦ!» ቢል ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የእኛ ቤት ግን ሌላ ነው። አባቴም አጎቴም ከመንዝ የመጡ ስለሆኑ፣ ከደጃፋችን ወዲያ ድሬ ነው፣ ከደጃፋችን ወዲህ መንዝ። ጋሼን (አጎቴን ነው) «አንተ» ያለ ልጅ ከዘራ ይቀምሳል። እኔ ሁለት ጊዜ ቀምሻለሁ፤ አንደኛው ፍትሐዊ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር ላይ አንዲት ፈረንጅ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ፎቶ ስታነሳ አገኘኋት። ስለ ባቡሩ የሚያጫውታት የድሮ ሠራተኛ ትፈልጋለች። ጋሼ ደግሞ በባቡሩ ወርክሾፕ 36 ዓመት ሠርተዋል፤ ወሬውን ከጀመሩ ማቆሚያ ጣቢያ የላቸውም። ከየት እንደመጣች እንኳ ሳልጠይቃት ደወልኩላቸውና ዛፍ ጥላ ሥር ያለች ቡና ሻጭ ጋ ይዣት ሄድኩ።

«ማይ አንክል፣ ዘይ አር ካሚንግ!» አልኳት።

አትፍረዱብኝ። በእኔ ጭንቅላት «ሂ» ማለት «እሱ» ነው፤ ጋሼን «እሱ» የሚል አፍ ደግሞ አልተፈጠረልኝም። «መጡ» ለአንድ ሽማግሌም ለአንድ አውቶብስ ሙሉ ሰውም ያው «መጡ» ነው። የ«መጡ» እንግሊዝኛው ደግሞ «ዘይ» ነው። አለቀ።

«ኦ፣ ዘይ!» አለች ደስ ብሏት። «ሃው ሜኒ?»

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ የሰማሁት «ስንት ናቸው?» የሚል ነው። ስንት ናቸው ከተባለ ዕድሜ ነዋ!

«ዘይ አር ሰቨንቲ ኤይት» አልኳት ኮራ ብዬ።

ዓይኗ ፈጠጠ። «በምንድን ነው የሚመጡት?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ዋን ባጃጅ።»

«ዋን?!»

«ዋን። ኤቭሪ ደይ።» አንዱ ጆሯቸው እንደማይሰማ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ጨመርኩላት፦ «ስፒክ ስሎውሊ። ዘይ ሃቭ ዋን ጉድ ኢር።»

ዝም ብላ ትንሽ አየችኝና ተነስታ ወደ ቡና ሻጯ ሄደች። አሥር ጣቷን ሰባት ጊዜ ዘረጋች፣ ከዚያ ስምንት ጣት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፦ «ሰርግ ነው እንዴ አቦ? ያለኝ ስኒ 24 ነው!» እኔ ፈረንጇ በጣም ቸር ናት ብዬ እያደነቅኩ ነበር። ሕፃን ወደ ጎረቤት ተላከ፣ ስኒ መጣ፣ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። በዚያ ሙቀት ሁለት ጀበና ባንዴ ተጣደ።

ባጃጅ መጥታ ቆመች። ጋሼ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። ፈረንጇ እሳቸውን አልፋ ባጃጇ ውስጥ አየች። ጎንበስ ብላ ወንበሩ ሥርም አየች።

«ዌር አር ዘይ?»

«ዚስ ኢዝ ዘይ» አልኩ በሁለት እጄ እያሳየሁ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አነሱና፦ «ቦንዡር፣ ማዳም!»

ሴትየዋ ጮኸች። ለካ ፈረንሳይ ናት! ያ ባቡር በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ ሲገባ ያስገባው የፈረንሳዮች ኩባንያ አይደል? ጋሼም ፈረንሳይኛውን የቀሰሙት እዚያው ብረት ሲቀጠቅጡ ነው። ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ እኔ ተንጫጩ። ቡናውን የጠጣነው እኔና መንገድ ላይ የነበሩት የባጃጅ ሾፌሮች ነን።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ። «‹ቩ› ነው የምትለኝ፤ አንቱ ማለት ነው። ጨዋ ልጅ ናት። አንተ ምን ስትላት ነበር?» ነገርኳቸው። ለእሷ ሲተረጉሙላት ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ እሷ አስረዳችኝ። ለአንድ ሰው «ዘይ» የሚባለው ሴት ይሁን ወንድ ካልታወቀ ነው፤ የታወቀ አጎት «ሂ» ነው አለች። ድሮማ እንግሊዞችም «ዛው» የሚሉት አንተ ነበራቸው፤ «ዩ» ለብዙ ሰውና ለአክብሮት ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን «ዛው» ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄዶ ንጉሡም ውሻውም «ዩ» ሆነ። እንግዲህ ድሬ ሁሉን አንተ አለች፣ እንግሊዝ ሁሉን አንቱ አለ፤ መሐል ላይ የቀረነው የእኛ ቤት ሰዎች ነን።

በማግስቱ «አጎትህን አመስግንልኝ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። እኔም ተምሬያለሁና «ሂ ሰይዝ ሄሎ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ከኋላዬ መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ ኖሯል።

«‹ሂ› ማለት ‹እሱ› አይደል እንዴ?»

ከዘራቸውን እስኪያነሱ ድረስ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬያለሁ።