የእማማ ንቅሳት፦ ስለ ፎቶ ኤዲቲንግ የ14 ወር ማስታወሻ

ካሜራ ከያዝኩ 14 ወር ሆነኝ። ያገለገለ ካኖን ነው፤ አብሮት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረው። እስካሁን ሌላ ሌንስ አልገዛሁም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከወራት በፊት አንድ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ፎቶ ከምታነሱት ከአንዳችሁ ጋር ስለተከራከርንበት ነገር ነው፦ ኤዲት የተደረገ ፎቶ የአንሺው ነው ወይ? የጉም ፎቶ አሳየሁት። ደስ አለው። ትንሽ ኤዲት እንዳደረግኩት ስነግረው ግን ስልኩን መለሰልኝና «እንግዲያው ያንተ አይደለም፤ የሶፍትዌሩ ነው» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። እውነቱን ከሆነስ ብዬ ለሦስት ወር ምንም ኤዲት ላለማድረግ ወሰንኩ። ካሜራውን በጄፔግ፣ ማለትም ራሱ አስተካክሎ ባሳነሰው ፋይል ብቻ እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። የፎቶ ማስተካከያውን ሶፍትዌር ላይትሩምን ከስልኬም ከላፕቶፔም አጠፋሁ። ክሮፕ ማድረግ (የፎቶውን ጠርዝ መቁረጥ) እንኳ አይቻልም አልኩ።

ጥቅሙን አልክድም፤ ትልቅ ነው። ድሮ «በኋላ እቆርጠዋለሁ» እያልኩ አልፍ የነበረውን ነገር ማየት ጀመርኩ። ከመጫኔ በፊት አራቱን ማዕዘን አያለሁ። የታክሲ ጣሪያ ከጥግ ከገባብኝ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ እሄዳለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን ከአናት ስለሚወርድ የሰው ዓይን ጉድጓድ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ማስተካከያ ስላልነበረኝ ነው። ጀማሪ የሆናችሁ አንድ ወር እንኳ ሞክሩት።

ችግሩ የመጣው አክስቴ ቤት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አክስቴ ነጭ ነጠላ ለብሳ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች። ከኋላዋ መስኮት አለ። ጀበናው ይጨሳል፣ እጣኑም ይጨሳል፣ ጭሱ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም። አነሳኋት። ስክሪኑን ሳየው ነጠላው አመድ መስሏል፤ ፊቷ ደግሞ ጥላ ብቻ ሆኗል።

ካሜራ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ነው። ፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ወስዶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል፤ በሙያው 18 ከመቶ ግራጫ የሚሉት ነው። ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። በእኛ ሀገር በበዓልም በሐዘንም ነጭ ነጠላ ስለሚለበስ ይህ ነገር ዘወትር ያጋጥመናል። መፍትሔው ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የምንጨምርበትንና የምንቀንስበትን) ወደ ፕላስ አንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማውጣት ነው። አወጣሁት። ፊቷ ታየ፤ መስኮቱ ግን ነጭ ወረቀት ሆነ፣ ጭሱም አብሮ ጠፋ። መልሼ ሳወርደው ጭሱ መጣ፣ ፊቷ ሄደ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ። አንዱም አክስቴን አልመሰለም።

የእኔ ዓይን ግን ፊቷንም ጭሱንም በአንድ ላይ አይቷል። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው?

እዚያ ላይ ነው ስለ ካሜራው አሠራር ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትን እንደገባኝ ልንገራችሁ። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር በራሱ ቀለም አያይም። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ትንሽ ማጣሪያ አለ፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ስለዚህ አንድ ነጥብ የሚመዘግበው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላቸዋል። ከዚያ ቀለሙን ያሞቃል ወይ ያቀዘቅዛል፣ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ይጨምራል፣ ጠርዙን ያሾላል፣ ፋይሉን ያሳንሳል። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) 16,384 ይይዛል። ልዩነቱን ካሜራው አያስፈልግም ብሎ ጥሎታል።

እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ «ያልተነካ» ስለው የነበረው ፎቶ ተነክቶ ነው የደረሰኝ። የነካው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መሐንዲስ ነው። አክስቴን አያውቃትም፣ ቡናው የሚፈላበትንም ቤት አላየውም።

ይህ መሐንዲስ ማንን እያሰበ እንደሚሠራም ጥያቄ ነው። በፊልም ዘመን ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ቆዳ ያላት ሴት ናት፤ ካርዱ ራሱ ሸርሊ ይባል ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል። ጥቁር ቆዳ ዝርዝሩን አጥቶ ይቀራል። ለውጥ እንዲመጣ ከገፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ ይባላል፤ የእቃቸው ቡናማ ቀለም በትክክል ስላልወጣላቸው። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ።

ዛሬም ከኢንተርኔት የምናወርዳቸው ፕሪሴቶች (ሌላ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጃቸው የኤዲት ቅንብሮች) ላይ ያው ነገር አለ። አንዱን የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላይ ጫንኩት። ግድግዳው አማረ፣ ልጁ ግን ብርቱካን መሰለ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው፦ የእኛ ቆዳ ቀለም በላይትሩም ውስጥ በአብዛኛው ብርቱካናማው ላይ ነው የሚያርፈው። የብርቱካናማውን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ትንሽ ዝቅ፣ ሉሚናንሱን (የቀለሙን ብሩህነት) ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፊቱ ይመለሳል። ከመጠን አታሳልፉት፤ ካለፈ አመድ ይሆናል።

በዚሁ ሰሞን ፒያሳ አካባቢ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸውን አንድ አዛውንት አገኘሁ። ጋሼን የጠየቅኳቸው በእርሳቸው ዘመን ፎቶ ሳይነካ ይወጣ እንደነበር ነው። መልስ አልሰጡኝም። ተነስተው ከቁም ሳጥን የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ትልልቅ ኔጋቲቮች (ብርሃንና ጥላቸው የተገለበጠ፣ ፎቶ የሚታተምባቸው ፊልሞች) አሉ። አንዱን ወደ መስኮቱ አነሱትና ወደ ጎን አዘንብለው ያዙት። የሴትየዋ ጉንጭ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ የእርሳስ ጭረቶች አየሁ። ጠንካራ እርሳስ እንደ መርፌ ተቀርጾ ነው የሚሠራው። ኔጋቲቭ ላይ የሳሳው ቦታ ሲታተም ይጠቁራል፤ እዚያ ላይ እርሳስ ሲጨመርበት ብርሃኑን ይከለክልና ጥቁረቱ ይለዝባል። «አንዷን ፊት ለማውጣት ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ብርሃን እንዴት እንደሚከለክሉ በባዶ እጃቸው አሳዩኝ። እጃቸው እንቅስቃሴውን አልረሳውም።

ታዋቂው አሜሪካዊ ፎቶግራፈር አንሰል አዳምስም ያንኑ ነው ያደረገው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኸርናንዴዝ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ አነሳት። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ስላጣው የጨረቃን ብርሃን መጠን በቃሉ አስታውሶ ነው ያሰላው። ያንን አንድ ኔጋቲቭ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ አትሞታል። በ1948 የኔጋቲቩን ታችኛ ክፍል እንደገና በኬሚካል አጠንክሮታል። የኋለኞቹ ኅትመቶች ላይ ሰማዩ ከቀደሙት እጅግ የጠቆረ ነው። ሰውየው ፎቶግራፈር አይደለም የሚል እስካሁን አልሰማሁም።

ስለዚህ ወደ ላይትሩም ተመለስኩ፤ በሮው ማንሳትም ጀመርኩ። አክስቴን በሌላ ቅዳሜ እንደገና አነሳኋት። መስኮቱ እንዳይቃጠል አድርጌ አነሳሁ፤ በኋላ ፊቷን ከጥላው አወጣሁ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ጭሱም አለ፣ እሷም አለች። ክርክሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ለዘመን መለወጫ እማማ ዘንድ ደብረ ታቦር ሄድኩ። አያቴ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። በራቸው ላይ ዱካ ላይ አስቀምጬ አነሳኋቸው። ማታ ቸኩዬ በስልኬ ሠራሁት፤ ቆዳ የሚያለሰልስ አፕ ነው፣ አንድ ጊዜ ሲነኩት ሁሉን ይጨርሳል። ባሕር ዳር አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ አመጣሁላቸው።

ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እማማ።»

«ንቅሳቴስ?»

እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። እማማ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ፎቶው ላይ ግን አንገታቸው ባዶ ነው። አፑ ንቅሳቱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል። እኔም አላየሁም። እማማ ልጅ ሳሉ በእሾህ እንደተነቀሱ፣ ሦስት ቀን አንገታቸውን ማዞር እንዳልቻሉ ያን ቀን ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ግድግዳቸው ላይ የወጣትነት ፎቶአቸው አለ፤ በእጅ ቀለም የተቀባ። ጉንጫቸው ሮዝ ነው፣ ቀሚሳቸው አረንጓዴ። ቀሚሱ በእውነት አረንጓዴ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«ነጭ ነበር። ፎቶ ቤቱ ነው የቀባው።»

«አላናደደዎትም?»

«ቀሚስ አይደል? ቢያሻው ይቅባው። አንገቴ ግን እኔው ነኝ።»

ወራት ያነበብኩት ሁሉ ይህን አልነገረኝም ነበር። እኔ ስጠይቅ የነበረው «ተነክቷል ወይስ አልተነካም» ብቻ ነው። እማማ የጠየቁት ሌላ ነው፤ ምን ተወሰደብኝ ነው ያሉት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ራሱን ሲያይ ራሱን ያገኛል ወይ?

ለዜና የሚያነሱ ሰዎች ዘንድ መስመሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ ከአንድ ፎቶግራፈር ጋር የነበረውን ሥራ አቋረጠ። ሰውየው ሶሪያ ውስጥ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ አጥፍቶ ነበር። ወደ 500 የሚጠጉ ሌሎች ሥራዎቹን መርምረው ተመሳሳይ ጥፋት አላገኙም፤ አንዷ ግን በቃች። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ1982 የጊዛን ፒራሚዶች ለሽፋኑ እንዲመቹ አቀራርቦ አትሞ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ሁለቱም ላይ ችግሩ ብርሃን ማስተካከል አይደለም። ተመልካቹ «እንዲህ ነበር» ተብሎ ነው የተነገረው፤ እንዲህ ግን አልነበረም።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያዊቷን ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህን ተመልከቱ። ሰዎቿን ነጭና ቀይና ሰማያዊ ቀብታ ነው የምታቆማቸው። ዳሎል ላይ የሠራቻቸውን ያየ ሰው እዚያ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ ብሎ አይሳሳትም። የተዋሸ ሰው የለም።

የእኔ አሠራር አሁን እንዲህ ነው። ዋናውን ሮው ፋይል ፈጽሞ አላጠፋም። ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን)፣ ጥላ፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ)፣ ክሮፕ ያለ ጭንቀት እነካለሁ። የሰው ፊት ላይ ነገ የሚድን ብጉር ከሆነና ባለቤቱ ከፈለገ አነሳለሁ። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ማዲያት ባለቤቱ ሳይጠይቀኝ አልነካም። የጥር 11 የጥምቀት ፎቶዬ ላይ የመብራት ሽቦ ታቦቱን ከያዙት ካህናት በላይ ያልፋል። ሽቦውን ማጥፋት የአሥር ሴኮንድ ሥራ ነው። ተውኩት፤ ጃን ሜዳ መንገድ ላይ ያ ሽቦ አለ። ግን ደግሞ አልዋሽም፣ ፎቶው ያለ ሽቦው ይበልጥ ያምር ነበር። እንጦጦ ላይ የተከራከርከኝ ወዳጄ እዚህ ላይ ከጎኔ እንደምትቆም ተስፋ አደርጋለሁ።

የእማማን ፎቶ ከሮው ፋይሉ እንደገና ሠራሁ፤ ያለ አፑ። መጨማደዱም አለ፣ ሦስቱም ረድፍ አለ። ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ያዩት አንገታቸውን ነው። ከዚያ ከአረንጓዴው ቀሚስ አጠገብ እንድሰቅለው ምስማር ሰጡኝ።

ስሄድ ሌላ ፎቶ በፖስታ አስይዘውኛል። የወንድ አያቴ ነው፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ያለው ፎቶ ይህ ብቻ ነው። እርጥበት ግራ ትከሻቸውንና ጆሯቸውን በልቶታል። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አደረግኩት። የደበዘዘውን ፊት ቀስ እያልኩ አወጣሁ፤ ዓይናቸው እንደ አጎቴ ዓይን መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። የተበላውን ቦታ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሞላ ፕሮግራም አለ፤ ጫን ካልኩት ጆሮ ይሠራልኛል። የማን ጆሮ እንደሚሆን አላውቅም። ሁለት ቅጂ አሳትሜያለሁ፦ አንዱ የተበላው ቦታ እንዳለ የተተወበት፣ ሌላው ትከሻው ድረስ የተቆረጠ። ለፋሲካ ይዤ እሄዳለሁ፤ እማማ ይመርጣሉ።