ወላጆቹን ያራቃቸው የእኛው ወረቀት ነበር

በዋሽንግተን ዲሲ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቻርተር ትምህርት ቤት የወላጆች ግንኙነት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች በግንባታ፣ በጽዳትና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ቻርተር ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስና ክፍያ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን በራሱ ቦርድ የሚመራ ትምህርት ቤት ነው፤ አመልካቹ ከቦታው ሲበልጥም ተማሪ የሚቀበለው በዕጣ ነው። ሆኖም ብዙ የሰፈሩ ቤተሰቦች ቅጹን ጀምረው ይተዉት ነበር፤ ልጆቻቸውን ያስመዘገቡትም ስብሰባ አይመጡም። እኔም ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ጣልኩ።

ነገሩ የገባኝ አንዲት እናት ያልተሞላ ቅጽ ስትመልስልኝ ጣቷን ያሳረፈችበትን መስመር ሳይ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎችና የሥራ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ የሚጠይቅ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ በመጣ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1982 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ስለወሰነ፣ ቁጥሩ ለምዝገባ አያስፈልገንም፤ ከአሮጌ ቅጽ እየተገለበጠ የመጣ መስመር ነው። ማንም ባይፈልገውም ሊሰርዘው የደፈረ ስላልነበረ እሱን ማስወጣት ብቻ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። አስተርጓሚ መቅጠር ውድ ስለመሰለኝ ልጆቹን ለእናቶቻቸው አስተርጓሚ አደረግኋቸው። የአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ልጇ ከትምህርት ስለቀረባቸው ቀናት ስነግራት ፈገግ ብላ እጄን ጨበጠችኝ፤ ለካ ልጁ «ጎበዝ ነው» ብሎ ተርጉሞላት ኖሯል። ከሁሉ ያሳፈረኝ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ለእኔ በአማርኛ በስልክ ያስተረጎሙልኝን አገልግሎት ለእርሷ መንፈጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ አዋቂ አስተርጓሚ ስለ ተማሪ ጉዳይ አልተነጋገርኩም።

ስብሰባውንም ከአሥር ሰዓት ወደ እሁድ፣ ከስፓኒሽ ቅዳሴ በኋላ ወዳለው ጊዜ አዛወርነው፤ ብዙዎቹ እናቶች የቢሮ ጽዳት የሚገቡት ማምሻውን ነበርና። በመጀመሪያው እሁድ የጠበቅሁት የውጤት ጥያቄ ነበር። እነርሱ ግን ልጆቻቸው ኤል ሳልቫዶር ካሉ አያቶቻቸው ጋር በስልክ መግባባት እያቃታቸው በመሆኑ፣ ስፓኒሽ ማንበብና መጻፍ እንድናስተምርላቸው ጠየቁ። በጀት ስላልተያዘለት በሳምንት ሁለት ቀን ከክፍል በኋላ ጀመርነው፤ ከእናቶቹ አንዷ በአገሯ መምህርት ነበረችና ክፍሉን እርሷ ያዘችው።