ሰሜን ሸዋ በመኪና፦ ቁልቁለቱን ያልቆጠረ ካርታ

ላምበረት መናኸሪያ ነው የምትሄዱት። አዲሱ ገበያ አይደለም። ይህን ከሁሉ በፊት የምለው ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ስለሆነ ነው። አንደኛው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ዋና ከተማው ፍቼ፣ መንገዱም የጎጃም መንገድ ነው። ደብረ ሊባኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ሌላኛው የእኛው ነው፤ አማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ መንገዱ የደሴ መንገድ። ለባለ ታክሲ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ካላችሁት እሱ ወደሚያውቀው ይወስዳችኋል። «ደብረ ብርሃን» በሉት፣ አለቀ።

ነገሩ የተነሣው ከአክስቴ ልጅ ነው። ከቶሮንቶ ልትመጣ ነው፣ ከባሏ ጋር። ባሏ ፈረንጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ካርታ ይወዳል። ስልኩ ላይ ክብ ሠርቶ ላከልኝ። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጓሳ፣ ዓለም ከተማ፣ አረርቲ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በአምስት ቀን! ክቡ ሲያዩት ያምራል። በቴሌግራም በድምፅ መልስ ልሰጥ ጀመርኩና ረዘመብኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚልክልኝ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ። አባቴ በዚህ መንገድ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነድቷል፣ በኋላ አይሱዙ። ቤታችን ውስጥ ርቀት በኪሎ ሜትር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። «ስንት ዳገት አለው?» ነበር ጥያቄው። የምመክራችሁም ይህንኑ ነው።

ቦሌ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። እሷ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስላላት ቪዛ አያስፈልጋትም፤ እሱ ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት ይጨርስ። ከባዱ ነገር ሰዓት ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት ላምበረት እንገናኝ» ካልኩት በእኩለ ቀን ጭር ያለ መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣውን ይዞ ይገተራል። ሰዓቱን እሷ ትያዝ።

ከመገናኛ ላምበረት ቅርብ ነው። እዚያ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ትልቁ አውቶቡስ ይረጋጋል፣ ይዘገያል። ሚኒባሱ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። ሁለቱም ሲሞሉ ነው የሚነሡት። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ሲጮህ አትመኑት፤ ወደ ውስጥ አጎንብሳችሁ ወንበሩን ራሳችሁ ቁጠሩ። ታሪፉን ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። የሻንጣውን ዋጋ ደግሞ ጣሪያ ላይ ከመታሰሩ በፊት ተስማሙ። ከታሰረ በኋላ የሚደረግ ክርክር ክርክር አይባልም። ጋቢና ካገኛችሁ ያዙት፣ ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል።

እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። ሸኖ ላይ ቅቤ የሚገዛ ተሳፋሪ አይጠፋም፤ የሸኖ ለጋ ቅቤ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው። ጫጫ ስትደርሱ ደግሞ የአንጎለላ አገር ውስጥ ናችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ በ1836። አብዛኛው መንገደኛ ተኝቶ ያልፋታል።

ደብረ ብርሃን ትበርዳለች። ይህን ለማሳነስ አልሞክርም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት በከንቱ አይመስለኝም። አልጋ ስትይዙ ስለ ዋይፋይ አትጠይቁ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ሙቅ ውሃ አለ ከተባላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧውን ክፈቱና ጥቂት ጠብቁ። ማታ ጥብስ፣ ገብስ ጠላ፣ ቆሎ ይቀርባል። አረቄውም አለ፤ ብርዱን አመካኝቶ የሚያበዛው እንግዳ ብዙ ነው፣ ጠዋት መንገድ ያለበት ግን ባይነካው ይሻለዋል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሁሉም ቦታ ያደርሳችኋል። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ሳታዩ አትውጡ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን እንደቆረቆሩ ነው የሚነገረው።

አሁን ወደ ክቡ ልመለስ።

ካርታው ላይ ጓሳ ካለበት ከመንዝ፣ ዓለም ከተማ ወዳለችበት ወደ መርሐ ቤቴ ጣት የምታህል ቦታ ናት። ጣቷ ውስጥ ግን ገደል አለ። ጀማ ወንዝና ገባሮቹ ያንን አገር እንደ ዳቦ ቆራርሰውታል። ወንዙ ዓባይ ነው የሚገባው፤ ሸለቆውም የዓባይ ልጅነቱን አይደብቅም። አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ማዶ ያለውን የቤት ጢስ ታያላችሁ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ወደ ታች ቆላ ወርዳችሁ እንደገና ደጋ መውጣት ነው። ስለዚህ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከደብረ ብርሃን አይነሣም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ የለሚን ከተማ አልፎ ጀማን ይሻገራል። አረርቲስ? አረርቲ ያለችበት ምንጃርም የእኛ ዞን ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚገባው በሞጆ በኩል ነው። ሞቃት አገር ነው፣ ጤፉ ስመ ጥር ነው። ጥር 10 በከተራ ኢራንቡቲ ወደሚባለው ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱት ታቦታት 44 ናቸው፤ ለጥምቀት ከመጣችሁ ለእሱ ብቻ ብትመጡም ያዋጣል።

አንድ ዞን ነው፣ ሦስት በር አለው። በአንድ ጉዞ አንድ በር ምረጡ። የአክስቴ ልጅና ባሏ የደሴን በር ይያዙ ብዬ ፈርጃለሁ፤ የቀረውን ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ እሱ ብቻ ነው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ደርሶ መልስ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ሽቅብ ይመጣና አጠገባችሁ ያለው ሰው እንኳ ይሰወርባችኋል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች። በ1841 በአውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ መልእክተኞች ከባሕሩ ጠረፍ ከታጁራ ተነሥተው አፋርን አቋርጠው የመጡት እዚህ ነው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ጉብታ ላይ በእግር ስትወጡ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡት ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ከምሥራቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከቀናት በፊት ይታያል። ከታች አልዩ አምባ አለች፤ የድሮ የሲራራ ነጋዴ ገበያ ናት። ለእኔ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ አልዩ አምባ ትበልጥብኛለች። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ በአንድ ገበያ ሲገበያይ ማየት ነው ደስ የሚለኝ። ወፍ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ አንኮበር በስሟ የምትጠራ ትንሽ ወፍ አለቻት፣ በእነዚህ ገደላ ገደሎች የምትኖር። እኔ ከድንቢጥ አልለያትም።

ጣርማ በር ሌላ ነገር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ ሜዳው ድንገት ያልቅና ተራራ ውስጥ ትገባላችሁ። ዋሻውን የሠራው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ በኩል ደጋ ነው፤ በወዲያ በኩል ስትወጡ እግራችሁ ሥር ስምጥ ሸለቆ ተዘርግቷል፣ ጉም ካልጋረደው። አባቴ እዚያ ሲደርስ ሬዲዮ ይዘጋ ነበር። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል፤ ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣህ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ። ፍሬን ላይ የሚተኛ ሹፌር ደብረ ሲና ሳይደርስ የፍሬኑ ሽታ ይመጣል። አሁንም ይህ ሽታ ሲመጣ «ወንድሜ፣ እስኪ ትንሽ አቁምልን» ማለት ነውር አይደለም። አንድ እናት ከኋላ ወንበር ቢሉት ደግሞ የበለጠ ይሰማል፤ እናቶችን አስነሡ።

ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች መሐል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳላችሁ። ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ጃኬት፣ ሮቢት ላይ ሸሚዝም ይከብዳል። ልብሳችሁን ጣሪያ ላይ ያለው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሮቢት ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ማሾ ታገኛላችሁ። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቻችሁ ከእናንተ ይልቅ ፓፓያውን ነው የሚጠብቁት።

የጓሳ መንገድ ግን ወደ ሮቢት አይወስድም። ዋሻው ጋ ሳትገቡ ወደ ግራ መታጠፍ ነው፣ ወደ መዘዞና መሐል ሜዳ። ትራንስፖርቱ እዚህ ይሳሳል። ቀጥታ መሐል ሜዳ የሚሄደውን መኪና በጠዋት ያዙና መንገድ ላይ ወራጅ በሉ፤ ሒሳቡ ግን እስከ መሐል ሜዳ ነው፣ አትጨቃጨቁ። ሌላው መንገድ ከደብረ ብርሃን መኪና መከራየት ነው። አራት አምስት ሰው ከሆናችሁ ያዋጣል፣ መመለሻውንም ያቀልላችኋል።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሣር ነው፣ ጅብራ ነው፣ ነፋስ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ታያላችሁ። ቀይ ቀበሮም አለ፤ እሱን ለማየት በማለዳ ተነሥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ባል በዚህ ይደሰታል ብዬ አስባለሁ፤ እሷ ግን እሳቱ ዳር ትቀመጣለች።

የጓሳ ትልቁ ነገር ለእኔ አውሬው አይደለም። ሕዝቡ ራሱ ጠብቆ ያቆየው መሆኑ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአገሩ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ሣሩን በርስትነት ይጠብቁት ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አይነካውም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይፈተላል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ርስቱን ሲሽረው የጥበቃው ሥርዓትም አብሮ ተናጋ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ያዘው፣ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ስለዚህ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ስትጠየቁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ማደሪያው የማኅበረሰቡ ሎጅ ነው፣ ድንኳን የያዘም መትከል ይችላል። የምትበሉትን ግን ከደብረ ብርሃን ሸምቱ። መሐል ሜዳ ከደረሳችሁ የመንዝ ባና ግዙ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው፣ ይከብዳል፣ በሻንጣ ሚዛን ላይ ያስከፍላችኋል። ቢሆንም ግዙት።

ስለ ጸጥታ ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ይህን መንገድ ደጋግሞ ነክቶታል። ዛሬ ክፍት የሆነ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ማታም እንደገና ደውሉ። የምትደውሉትም አዲስ አበባ ላለ ሰው አይደለም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ መስመሩ ላይ የሚሠራ ሹፌር፣ ወይም እዚያው የሚኖር ዘመድ ይጠየቅ። «ዛሬ አትምጡ» ካሉ አትሂዱ። ከጨለመ በኋላ በምንም ምክንያት መንገድ ላይ አትገኙ። መታወቂያና ፓስፖርት በእጅ፤ ፍተሻ ላይ ካሜራ አታውጡ።

ቀሪው ጥቃቅን ነው። ቴሌብር ከተማ ውስጥ ይሠራል፤ መንዝ ላይ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትፈልጉ፣ ሽሮው ግን ከየትኛውም ሥጋ አይተናነስም። በወሩ 21 ጻድቃኔ ማርያም ገዳም የሚሄደው ምእመን ብዙ ስለሆነ በዚያ ሰሞን መኪና ይጨናነቃል። ለመሳለም ከሆነ ደስ ይላል፣ ለጉብኝት ከሆነ ቀን ለውጡ።

የአክስቴ ልጅ ባል ይህን ሁሉ አንብቦ (እሷ ተርጉማለት) አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈልኝ። «ታዲያ ላሊበላን ከደብረ ብርሃን ቀጥለን እንሂድ?» በአየር ከሆነ ወደ ቦሌ ተመለስ አልኩት። እኛ ጋ አውሮፕላን ማረፊያ የለም። በመኪና ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጣርማ በርን ውረድና እንነጋገራለን።