መድኃኒት የማይረጭበት መንደር

ከፈረንሳይዋ ከተማ ከሊሞዥ በባቡር መጥቼ ላ ኮኪይ ጣቢያ ወረድኩ። ወደ ሴን ፒየር ደ ፍሩዢ መንደር በእግር ለመሄድ ወስኜ ነበር። መንገዱ ደን፣ ኩሬ፣ እንደገና ደን ነው። የዶርዶኝ አውራጃ ትልቁ ከፍታ የሚገኘው በዚሁ መንደር ክልል ውስጥ ነው፤ 478 ሜትር! ደጋ ለለመደ ሰው ትንሽ ያስቃል።

መንደሩ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በድንጋይ አጥሮቹ ሥር ነው። ሳሩ፣ የዱር አበባው፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ የወጣው ቅጠል፣ ሁሉም እንዳለ ተትቷል። ንቡ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረጡት ከንቲባ ዢልበር ሻቦ የአረም መድኃኒት መርጨቱን አስቀሩ። አገሪቱ በመናፈሻና በመንገድ ዳር መርጨትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እነዚህ ቀድመዋል።

በኦርጋኒክ ሱቁ ያገኘኋቸው እናት፣ «መጀመሪያ ሰዉ ቆሻሻ ነው ብሎ አጉረምርሞ ነበር» አሉኝ። እሳቸውም ካጉረመረሙት አንዷ ይመስሉኛል፤ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

እንደ ብዙው የፈረንሳይ ገጠር ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዶ፣ የነዋሪው ቁጥር ከ400 በታች ወርዶ ነበር። ፋብሪካ አልመጣም። አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ታደሱ፣ የእግር መንገዶች ተከፈቱ፣ ሱቅ መጣ፣ ልጆች በራሳቸው ፍጥነት እየሠሩ የሚማሩበት የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ለእኔ ቁልፉ ትምህርት ቤቱ ነው። ንጹሕ አየር ቱሪስት ያመጣል፤ ልጅ ያላቸውን ወላጆች ግን የሚያስቀራቸው ትምህርት ቤት ነው። ቁጥሩም ቁልቁል መውረዱን ትቶ ሽቅብ ያዘ።

እዚህ አንድ ቤተሰብ መጣ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከ10,000 ሰው በታች ያለው ማዘጋጃ በየ5 ዓመቱ ቤት ለቤት ይቆጠራል። መንግሥት የሚመድበው በጀትም የሚሰላው በዋናነት በሕዝብ ብዛት ነው። የምክር ቤት ወንበር ሳይቀር በዚሁ ይወሰናል፤ 500 ነዋሪ ሲሞላ የወንበሩ ቁጥር ወደ 15 ይወጣል።

ሴትዮዋን 500 ትገቡ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «የሚመጣ ሰው አላጣንም» አሉኝ። «ቤት ከየት ይምጣ?»